ፊቱ የወረደ ፕራዶ 120፦ ስፔሰር፣ አዲስ ሞላ ወይስ ሙሉ ኮይሎቨር?

ባለፕራዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው ቶዮታ ፕራዶ 120 ናፍጣ ነው። አምና ፊቱ ላይ የብረት ፓራውልት አስገጠምኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ዊንች፣ መኪና ሲያዝ በገመድ የሚጎትተውን ማሽን፣ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ፍሬን ስይዝ አፍንጫዋ ይወርዳል። ኮረኮንች ላይ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጉድጓድ ስገባ ደግሞ ከፊት በስተቀኝ "ጓ" የሚል ደረቅ ድምፅ እሰማለሁ። ሞላውም ሾክ አብዞርበሩም ከፋብሪካ የመጡት ናቸው፤ 180,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል።

ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንዱ "ከላይ ስፔሰር አስገባበትና ተገላገል" አለኝ፤ ከሾኩ በላይ የሚገባውን ማስረዘሚያ ቁራጭ ማለቱ ነው። ሌላው ሞላና ሾኩን አንድ ላይ ቀይር አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ከፍታው የሚስተካከል ኮይሎቨር (ሞላና ሾኩ አንድ ላይ የተገጣጠሙበት ዕቃ) ከነተጨማሪ የዘይት ጋኑ፣ ከላይኛው አርም (ጎማውን ከመኪናው ጋር ከሚያያይዘው ክንድ) ጋር ካልሆነ አትንካው አለኝ።

አነዳዴ ይሄ ነው፦ ከቤተሰብ ጋር ረጅም የጠጠር መንገድ፣ ድንጋያማ ዳገት፣ አልፎ አልፎ ጭቃ። ፍጥነት አልወድም። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብትልልኝ ይበቃኛል። ገንዘቤን የማወጣው አንዴ ስለሆነ ተሳስቼ መድገም አልፈልግም። ምን ትሉኛላችሁ?

ድንጋይ ረጋጭ፦

እኔ ያስገባሁት ስፔሰር ነው። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ እስካሁን ምንም አልሆነም። ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው ጋ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ሰጥቶኛል። እውነቱን ለመናገር ግን የእኔ ፓራውልት የፋብሪካው ፕላስቲክ ነው፤ ዊንችም የለኝም። ከባድ ቦታም ብዙ አልገባም።

ከመኪናው ስር፦

ወንድሜ፣ ምንም ከመግዛትህ በፊት ቆም በል። እኔም 120 ነው የምነዳው፤ ለመስክ ሥራ። ፊቱን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስህተት ነበሩ። ከነሱ ልጀምርልህ።

መጀመሪያ ስፔሰር አስገባሁ፤ 30 ሚሊ ሜትር። እዚህ መኪና ላይ ሾኩና ሞላው የሚያርፉት ታችኛው አርም መሃል አካባቢ ነው፤ ጎማው ግን ከዚያ ራቅ ብሎ ጫፉ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከላይ 30 ሚሊ ሜትር ስትጨምር ጎማው ጋ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሾኩ ራሱ አልረዘመም፤ እንዳለ ወደ ታች ተገፋ እንጂ። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበው በላይ ይወርዳል። አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው የላይኛው ቦል ጆይንት እስከ ጫፉ ይታጠፋል፣ ኃይሉን ለጎማው የሚያስተላልፈው ሲቪ ጆይንትም ከልኩ በላይ ይጎብጣል። ጎማው ወደ ላይ ሲመጣ ደግሞ ምት የሚያበርደው ላስቲክ፣ ባምፕ ስቶፑ፣ ሳይቀበለው ሾኩ ውስጡ ጫፍ ይደርስና ይመታል።

በሰባተኛው ወር ጎማ ላቀያይር ስፈታ፣ የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ግሪስ ዙሪያውን ተረጭቷል። የሲቪው ላስቲክ አንዱ እጥፋት ላይ ተቀዷል። ገለጥ አድርጌ ጣቴን ሳስገባ ውስጥ የቀረው ግሪስ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ይከረክራል። ከፍ ብዬ ሳይ ደግሞ የላይኛው አርም ሞላውን ሲነካው ከርሞ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል። መሪውን እስከ ጥግ አዙሬ ስነሳ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ሰንብቶ ነበር፤ ጎማው ውስጥ የገባ ጠጠር ይመስለኝ ነበር።

ድንጋይ ረጋጭ ያለው ልክ ነው፤ በ20 ሚሊ ሜትርና በቀላል ፊት ብዙ ሰው በሰላም ነድቶበታል። የአንተ ችግር ግን ሌላ ነው። ሞላህ ደክሟል፣ ያልተሠራለትንም ክብደት ተሸክሟል። ስፔሰር ሞላውን አያጠነክረውም። መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ፍሬን ስትይዝ ግን ያው ትደፋለች።

ሁለተኛው ስህተቴ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ ከባዱን ሞላ ገዛሁ፤ ለፓራውልትና ለዊንች የተሠራውን። ያኔ ግን ፓራውልትም ዊንችም አልነበረኝም፤ አንድ ቀን አስገጥማለሁ ብዬ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ላያት ታምራለች። ጠጠር ላይ ግን ጎማው መሬቱን መከተል ትቶ መዝለል ጀመረ። ሞላው የሚጫነው ክብደት ስለሌለ ሾኩ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚሄደው፤ ከትንሽ ጉብታ ስወርድ ጫፉን ሲመታ ይሰማኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ወገቤን እያመመኝ ነዳሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ አስመዝን። የጭነት መኪና ሚዛን ላይ የፊት ጎማዎቹን ብቻ አውጣ፤ ነዳጅ ሞልተህ፣ አንተም ከጎንህ የሚቀመጠውም ገብታችሁ። ቁጥሩ ያስደነግጥሃል። ፓራውልቱና ዊንቹ አንድ ላይ 100 ኪሎ ናቸው እንበል። ፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው ግን ከ100 ይበልጣል፤ ከአክስሉ ወደፊት ወጥተው የተንጠለጠሉ ናቸዋ። ባለ አምስት በሩ 120 ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2,790 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቱ ከፊት አክስሉ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀድሞ ከተቀመጠ፣ ፊቱ ላይ 132 ኪሎ ይጨምራል፣ ከኋላው ላይ ደግሞ 32 ኪሎ ያነሳል። አንገቷን የደፋችው ኋላዋ ቀለል ስላለም ጭምር ነው። ያገኘኸውን ቁጥር አምራቹ ለፊት አክስሉ ከፈቀደው ጣሪያ ጋር አስተያየው።

ከፍታውንም ለካ። ከመሬት አትለካ፤ የጎማ አየርና ያለቀ ጎማ ያሳስቱሃል። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብለህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ግራና ቀኙን ለየብቻ ጻፍ።

ሞላ የሚመረጠው በክብደት ነው። ኦልድ ማን ኢሙን የመሰሉ አምራቾች ለአንድ መኪና ብዙ ዓይነት ሞላ የሚያወጡት ለዚህ ነው፤ ባዶ ፊት ላለው፣ ፓራውልት ላለው፣ ዊንችም ለጨመረ። ሁልጊዜ የምትሸከመውን ይዘህ ምረጥ። በዓመት አንዴ የምትጭነውንም፣ ወደፊት የምታስበውንም አትቁጠር።

አሁን ሾኩ ጋ እንምጣ፤ እኔ ትልቁን ገንዘብ የማወጣው እዚህ ላይ ነው። ሞላ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይገፋዋል። ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያጠፋው ሾኩ ነው። ኮረኮንች ላይ አንድ ሰዓት ከነዳህ በኋላ ሾኩን በባዶ እጅህ እንዳትይዘው፣ ያቃጥልሃል። ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል። አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ ባለበት፣ ባለሁለት ቱቦው ሾክ ላይ ዘይቱ እየተናጠ አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናዋ እንደ ጀልባ ትዋልላለች። ቢልስታይን የሚታወቅበት ባለአንድ ቱቦው ሾክ ናይትሮጅኑን ከዘይቱ የሚለየው በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሆነ አረፋው ብዙም አያስቸግረውም። ዘይቱ ያለበት ቱቦ ራሱ ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነም ቶሎ ይበርዳል። ጉዳት አለው፤ ድንጋይ ቱቦውን ካጎደጎደው ፒስተኑ እዚያው ይያዛል።

አንዳንድ ሾክ ላይ የሞላው መቀመጫ ከፍ ዝቅ የሚልባቸው ቦታዎች አሉ። ጥሩ ነው፤ ግን እስከ ጫፉ ከፍ ካደረግከው ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጥርብሃል። እኔ ታችኛው ቦታ ላይ ትቼ ከፍታውን ከሞላው አገኘሁት።

ኮይሎቨሩ ለአንተ አነዳድ አያስፈልግህም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፍጥነት ለሚነዳ ሰው የዘይት ጋኑ ብዙ ሙቀት ያነሳለታል። ግን በየጊዜው ተፈትቶ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ መታደስ አለበት። በዚያ ገንዘብ የኋላውንም ሞላና ሾክ ቀይርበት። ፊቱ ጠንክሮ ኋላው ከደከመ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ታስፈራለች።

ባለፕራዶ፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማንም እንዲህ አላስረዳኝም። የላይኛውን አርምስ መቀየር አለብኝ? ዲፈረንሻሉን ዝቅ የሚያደርግ ዕቃም አለ ይላሉ።

የጋራዥ ሰው፦

ልጄ፣ ይህችን ልጅ ስማት። እኔ የምጨምረው ከሥራ ቤት ያለውን ነው።

መጀመሪያ ያ "ጓ" ያልከውን ድምፅ ፈልግ። ሞላ ብቻውን እንዲህ አይጮህም። በክሪክ አንሥተህ መቆሚያ አስገባበት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው። በግራና በቀኝ ይዘህ ወዝውዘው፤ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲናው ወይም የመሪው ባራ ነው። ከዚያ ታችኛው አርም ላይ ረጅም ብረት አስገባና ፈልቅቀው። አርሙ የሚታሰርበት የቦኮላው ላስቲክ ከብረቱ ተላቆ ከሆነ በዓይንህ ታየዋለህ። አዲስ ሞላ ገዝቶ በሞተ ቦኮላ ላይ ያሰረ ሰው ስንት ጊዜ መጥቶ አልቅሶብኛል።

ስለ ላይኛው አርም። ፊቱን ከፍ ስታደርግ ካስተር የሚባለው ይቀንሳል። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ እንደሚያዘም፣ የመኪናም መሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ማዘንበሉ ሲቀንስ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ አስፋልት ላይ ግራ ቀኝ ይላል። እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ በታችኛው አርም ማስተካከያ ቡሎን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ ካለፍክ የላይኛው አርም ግዴታ ነው ብለህ ያዝ። መጀመሪያ አላይመንት አሠራ፤ ቁጥሩን በወረቀት ተቀበል፤ ከዚያ ወስን። ዲፈረንሻሉን ማውረድ በ5 ሳንቲ ሜትር ላይ አልመክርህም፤ የሚያተርፈው የሲቪ አንግል ትንሽ ነው።

አሁን ይሄን ለሚሠራልህ ልጅ አሳየው። የአርሞቹ ቡሎን መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ መጨረሻው ድረስ አይጠበቅም። ላላ አድርጎ ይሰር፣ መኪናውን በጎማው ያቁመው፣ ወዝወዝ አድርጎ ያስቀምጠው፣ ከዚያ ያጥብቅ። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በወራት ውስጥ ይቀደዳል። ከዚያ "ዕቃው ቀሽም ነው" ይባላል።

ሞላውን ከሾኩ ላይ ራስህ ልፍታ እንዳትል። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። ማመቂያው ጤነኛ ባለበት፣ የሚያውቅ ሰው ይፍታው። የላይኛው ዳዶ ሞላው ታምቆ መቀመጫው ላይ ላላ ሳይል በፊት አይነካም።

ባለ ሰማንያ፦

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ብዬ ነው። የነገራችሁት ሁሉ ፊቱ በአርም ለተሠራ መኪና ነው። እኔ ላንድክሩዘር 80 ነው የምነዳው፤ የፊት አክስሉ ወጥ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሲቪ አንግል አትጨነቁም፤ ሌላ ጣጣ አለ። ሞላውን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስታደርጉ አክስሉ ይዞርና ካስተሩ ይቀንሳል፤ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ሬዲየስ አርም ላይ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ቦኮላ ይገባል። አክስሉን በአግድም የሚይዘው ፓንሃርድ ባርም አንግሉ ስለሚለወጥ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ የሚረዝም የሚያጥር ባር ይፈልጋል። የፍሬን ቱቦው ደግሞ ጎማው እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል ይለካ። የእኔ ተወጥሮ እንደ ክራር ጅማት ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ሌላም ነገር። ወጥ አክስል ላይ ሞላ ዲፈረንሻሉን ከመሬት አንድ ሚሊ ሜትር አያነሳውም። የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ለ120ም ቢሆን ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ብትሄድ ጎማው በ26 ሚሊ ሜትር ይተልቃል፤ ከመሬት የምታገኘው ግማሹን፣ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ድንጋይ ላይ ግን ይታወቃል።

ባለፕራዶ፦

ተመለስኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሁሉንም እንዳላችሁት አደረግኩ።

ፊቷ ብቻ 1,260 ኪሎ መዘነች። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎ ግራው 478፣ ቀኙ 469 ሚሊ ሜትር ነው። ቀኙ 9 ሚሊ ሜትር ወርዷል ማለት ነው፤ ለዓይን አይታይም ነበር።

ጋሼ፣ "ጓ" የሚለው ተገኘ። የቀኙ ታችኛው አርም የኋላ ቦኮላ ነው። ብረቱን አስገብቼ ስፈለቅቀው ላስቲኩ እንደ አፍ ተከፈተ፤ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ያለችግር ገባበት። የግራው ሾክ ደግሞ ዘይቱ ወጥቶ አቧራ ተጋግሮበታል፤ በጣቴ ስጠርገው እንደ ጭቃ ተላጠ። የሁለቱንም ጎን ቦኮላ ብቻ አስቀይሬ ለአንድ ሳምንት ነዳሁ። ድምፁ የለም። የመሪው መንቀጥቀጥም ግማሹ ቀረ። ሞላ ሳልገዛ!

ከዚያ ለፓራውልትና ለዊንች የሚሆነውን ሞላ ከባለአንድ ቱቦ ሾክ ጋር ገዛሁ። የኋላውንም አብሬ። አሁን ግራው 526፣ ቀኙ 521 ሆኗል። ፍሬን ስይዝ ትንሽ ዝቅ ትልና ወዲያው ትቆማለች።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አላይመንቱ ላይ ካስተሩ ግራ 1.6፣ ቀኝ 1.9 ዲግሪ ነው ያለው። ከመታጠፊያ ስወጣ መሪው ሰነፍ ነው፤ በእጄ መመለስ አለብኝ። አርሙን ልግዛ?

የጋራዥ ሰው፦

ገና ነው፤ አትግዛ። ያሠራኸው ልጅ ካምበሩን (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን) ዜሮ ላይ ለማምጣት ብሎ ካስተሩን በልቶታል። ተመለስና "መጀመሪያ ካስተሩን የሚችለውን ያህል ስጠኝ፣ ካምበሩ ከተፈቀደው ክልል እንዳይወጣ ብቻ ጠብቅ፣ በመጨረሻ ቶውን (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን) አስተካክል" በለው። ሁለቱ ጎን ይቀራረቡ። ከ2 በላይ ካልወጣልህ ያኔ አርሙን ግዛ። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርገው። ኋላም አብሮ ከፍ ቢል፣ መብራቱ ከፍ ካለ ቦታ ስለሚመጣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

ከመኪናው ስር፦

ኮረኮንች ላይ የጎማ አየርም ዝቅ አድርግ። እኔ ለጠጠር 28 ፒኤስአይ አካባቢ አደርገዋለሁ፣ ፍጥነቴንም ቀንሼ። የመጀመሪያው ሞላህ ጎማው ነው፤ ሾኩም ይበርድልሃል። አስፋልት ስትደርስ መልሰህ ሙላው።

ባለፕራዶ፦

ጋሼ፣ በቃልዎ መሠረት ሄጄ እንዳሉት ነገርኩት። ግራ 2.4፣ ቀኝ 2.7 ወጣ። አርም አልገዛሁም። ትናንት ያንኑ የጠጠር መንገድ ከልጆቹ ጋር ሄድኩበት፤ በ28 አየር። ትንሿ ልጄ ሁልጊዜ ያ መንገድ ላይ ያቅለሸልሻት ነበር፤ እስክንደርስ ተኝታ ሄደች።

ከሾኩ ወዲህ 940 ኪሎ ሜትር ሞላሁ። በሚቀጥለው ሳምንት 1,000 ሲሞላ ቡሎኖቹን በድጋሚ አጠብቃለሁ። ጎማውን ፈትቼም የሲቪውን ላስቲክ ፎቶ አንሥቼ እዚህ አስቀምጥላችኋለሁ።